የጋሽ እንድሪስ ዙር ቆጣሪ

ጋሽ እንድሪስ ያረፉ ዕለት የሐርቡ መንገድ ተዘግቶ ነበር። ልጃቸው ለይላ ከደሴ ደውላ «ዘይነብ፣ አባቴ አለፉ» አለችኝ። ገና ሳላጽናናት፣ «መንገዱ እንዴት ነው? ወደ ሐርቡ መኪና ያልፋል?» ብላ ጠየቀችኝ። የምኖረው ኮምቦልቻ ስለሆነ ወሬው ቶሎ ይደርሰኛል ብላ ነው። ከጠዋት ጀምሮ በዚያ በኩል ያለፈ መኪና አልነበረም፤ የሞከሩትም ተመልሰዋል። አያልፍም አልኳት። «ከእናትሽ ጎን አድርጉኝ ብለውኝ ነበር» አለች።

ጀናዛ አይቆይም። አስከሬናቸው ከደሴ በሐረጎ ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ መጣ፤ ወንዶቹም ከከሰዓቱ የዐስር ሶላት በኋላ እዚሁ ቀበሯቸው። እሳቸው እዚህ፣ ባለቤታቸው እትዬ ፋጡማ እዚያ ሐርቡ አጠገብ ቀሩ። በመካከላቸው ያለው መንገድ በደህናው ቀን ሩቅ የሚባል አይደለም። ጋሽ እንድሪስ ከዓመት በላይ በየጁምዓው ተመላልሰውበታል። ምንም ሳይሰሙ፣ ራሳቸው መኪና እየነዱ።

እኔ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። ከቴክኒክና ሙያ ወጥቼ ሥራ ስፈልግ የኮምቦልቻ ጋራዦች በር ላይ እያዩ ይመልሱኝ ነበር። ጋሽ እንድሪስ ግን እጄን ገልብጠው አዩና «ቀጭን ነው፤ የኛ የማይገባበት ቦታ ይገባል» ብለው ጋራዣቸው አስገቡኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሞተሩ የሳቸው፣ ሽቦው የኔ ሆነ።

የተወለዱት ቢስቲማ ነው። ሙያውን የተማሩት በወጣትነታቸው በአሰብ መንገድ ከባድ መኪኖች ላይ ነበር። ረጅም፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ፣ ፊታቸው ቶሎ የማይፈታ ሰው ነበሩ። ደንበኛ መጥቶ «ጋሼ፣ መኪናዬ ይጮህብኛል» ሲላቸው ኮፈን ለመክፈት አይቸኩሉም። «ድምፁን አውጣልኝ» ይሉታል። የከበረ ነጋዴም ቢሆን፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊም ቢሆን፣ ግቢው መሐል ቆሞ የመኪናውን ድምፅ በአፉ ማውጣት አለበት። አንድ የባቲ ግመል ነጋዴ ሽቅርቅር ብሎ እንደለበሰ «ቅጭ፣ ቅጭ፣ ቅጭ» ሲል ትዝ ይለኛል።

«ማርሽ ስታስገባ ነው ስታወጣ?» አሉት።

«ሳወጣ።»

«እንግዲያው እያወጣህ ድገምልኝ።»

ሰውየው በእጁ ማርሽ እያወጣ ደገመው። እኛ ጀርባችንን አዙረን ስንስቅ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙ ነበር። ከዚያ ረጅሙን ካቻቢቴ አንስተው ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ። ሲቃኑ ብልሽቱ የት እንዳለ ያውቁታል። ሁልጊዜ ትክክል ነበሩ አልልም፤ ሲሳሳቱም እልኸኛ ነበሩ። ግን ከሐርቡ እስከ ደሴ ያለ ሹፌር ሞተሩ እንግዳ ድምፅ ካሰማ ለእሳቸው ሳያሰማ አያድርም።

የራሳቸው መኪና አሮጌ አልፋ ነበረች። ከመሪዋ ኋላ ሁለት ትልልቅ ክብ ሰዓቶች አሏት። አንዱ ፍጥነቷን ያሳያል፤ ሁለተኛው ሞተሩ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚዞር። ብዙ ሰው ይህን ሁለተኛውን አር ፒ ኤም ይለዋል፣ እሳቸው ዙር ቆጣሪ ይሉት ነበር። በዚያ ዘመን አንድም ቀን ቀና ብለው አይተውት የሚያውቁ አይመስለኝም። ማርሽ የሚቀይሩት በጆሯቸው ነበር።

ጦርነቱ ወደ ከተማችን የቀረበ ጊዜ ሁሉም በየፊናው ወጣ። ለይላ ከባሏና ከልጆቿ ጋር ከደሴ ቀድማ ሄዳ ነበር። ጋሽ እንድሪስና እትዬ ፋጡማ ኋላ ወንበር ላይ ፍራሽና የመሣሪያ ሳጥን ጭነው በአልፋዋ ወጡ። መንገዱ በመኪና፣ በጋሪ፣ በከብትና በሰው ተሞልቶ ስለነበር የሚሄዱት በእግር ሰው ፍጥነት ነው። አልፋዋ በዚያ ሙቀት ውሃዋን ጨረሰች። ሐርቡ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ሞተሯ ከግለት ብዛት ተጣብቆ ቆመ። ጥለዋት በእግር ሲሄዱ ከባድ መሣሪያ መንገዱ ዳር ወደቀ። እትዬ ፋጡማ እዚያው ሞቱ። የአካባቢው ሰዎች በራሳቸው የመቃብር ቦታ ቀበሩላቸው። ጋሽ እንድሪስ ከሁለቱም ጆሯቸው ደም እየፈሰሰ ተረፉ። ከዚያ ወዲያ ምንም ሰምተው አያውቁም።

ይህን ሁሉ የሰማሁት ከራሳቸው አፍ ነው፤ እሱንም በየጊዜው ቁራጭ ቁራጩን።

ወደ ኮምቦልቻ ስንመለስ ጋራዡ ባዶውን ነበር። አንድ ላሜራ ጥቁር ቀለም ቀብቼ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩ። የምንላቸውን በጠመኔ እንጽፍበታለን፣ እሳቸው በአፋቸው ይመልሳሉ። የቆዩ ደንበኞች ግን እየረሱ ፊታቸው ቆመው «ጭጭጭ ይልብኛል፣ ጋሼ» ማለታቸውን አልተዉም። ጋሽ እንድሪስ አፋቸውን ትክ ብለው ያዩአቸውና «ወደ ሌላ ሂድ፣ ልጄ» ይላሉ።

የራሳቸውን ድምፅም ስለማይሰሙት ልክ አጣ። ሹክ ያሉኝ እየመሰላቸው ሲናገሩ ከመንገዱ ማዶ ያለው ባለሱቅ ይሰማል። አንድ ጊዜ ደንበኛው አጠገባችን ቆሞ ሳለ ወደኔ ጠጋ ብለው «ይሄ ሰውዬ ዘይቱን ከየት ነው የሚገዛው? ይሸታል» አሉ። ግቢው ሁሉ ሰማ። ሰውየው ተቀይሞ ሄደ። ምን ሆኖ እንደሄደ ጠየቁኝ፤ ሰሌዳው ላይ «ድምፅዎ ከፍ ብሎ ነበር» ብዬ ጻፍኩላቸው። ካነበቡት በኋላ ለብዙ ቀን ከማንም ጋር ሳይነጋገሩ በጥቅሻና በእጅ ብቻ ሠሩ። ሁለተኛ እንዲያ ብዬ አልጻፍኩም፤ ሌላም ሰው አልነገራቸውም። ከጊዜ በኋላ ድምፃቸው እንደገና ከፍ ሲል ዝም አልን።

ለይላ የመጣችው ያን ሰሞን ነው። ከአባቷ ጋር ለእናቷ አልቅሳ፣ ሰደቃ አውጥታ ካበቃች በኋላ ጋራዡ መጣች። ሰላምታ ሰጥታኝ ቀጥታ ወደ ሰሌዳው ሄደችና ጠመኔውን አነሳች። «አባዬ፣ ሞተር ከመንገድ ማዶ ሰምተው የሚያውቁ ሰው፣ ያ ሞተር ሲቃጠል እንዴት ሳይሰሙት ቀሩ?» ብላ ጻፈች።

ጋሽ እንድሪስ ቆመው አነበቡት። ሁለት ጊዜ ያነበቡት ይመስለኛል። ከዚያ በእጅጌያቸው ጠረጉት፤ መልስ አልሰጧትም። ጠብቃ ጠብቃ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ወደ ኮምቦልቻ የምትወርደው ለበዓል ብቻ ሆነ።

ጥቂት ወራት ቆይተው አልፋዋን አስጎትተው አመጡ። ጎማው፣ ባትሪው፣ ወንበሩ፣ በሮቹ ሳይቀሩ ተወስደዋል፤ ዳሽቦርዱን ግን የፈለገው አልነበረም። የሞተው ቤንዚን ሞተር ወጥቶ ከአንድ የተገለበጠ ሚኒባስ የተገኘ የናፍታ ሞተር ገባበት። የሚገባ አልነበረም፤ ብረት እየቆረጡ፣ እየበየዱ፣ ቦታ እያስፋፉ አስገቡት። ለምን እንደሚደክሙ ስንጠይቃቸው «ትነሳ» ብቻ ይሉ ነበር።

ሞተሩ ተነሳ። የመጀመሪያ ቀን ግቢ ውስጥ ሲሞክሩት ሁላችንም ቆመን እናይ ነበር። ቁልፉን አዞሩ፣ ሞተሩ ተነሳ፣ እኛም ደስ አለን። እሳቸው ግን አልሰሙትም። የዳሽቦርዱን መብራቶች ገና አላገናኘሁም ነበር፤ ያልተነሳ መስሏቸው ቁልፉን ደግመው አዞሩት። ማስነሻው ሞተሪኖ እየዞረ ባለው ሞተር ላይ ገብቶ ሲፋጭ የሚያሰማውን ድምፅ ጋራዥ የዋለ ሰው ያውቀዋል፤ ጥርስ ያማል። ሁላችንም እጃችንን እያወዛወዝን ጮህን። እሳቸው ያዩት ፊታችንን ነው። ቁልፉን ለቀው መሪውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀመጡ። ቆይተው ሲወርዱ ወደኔ መጡና «መነሳቱን የማውቅበት፣ መጮሁን የማይበት ነገር አድርጊልኝ። ያቺን ዙር ቆጣሪ አስነሺልኝ» አሉኝ።

ከሱቅ አዲስ እንግዛ ብዬ ጻፍኩላቸው። በቁጥር የሚያበራ ትንሽ ነገር አለ፣ ለመግጠምም ቀላል ነው። አልተቀበሉኝም። «ቁጥር ለማንበብ መነጽር ያስፈልገኛል። የዚህች መርፌ ትልቅ ናት፤ መንገድ መንገዱን እያየሁ በዓይኔ ጥግ ትታየኛለች።»

ለይላ ወሬው ደርሷት ከደሴ፣ ከሰፈሯ ከሆጤ ድረስ መጣች። ወደ ውስጥ ሳትገባ በር ላይ አስጠራችኝ።

«ያቺን መኪና አንቺ ነሽ አሉ የምትሠሪላቸው» አለችኝ።

«ሞተሩን እሳቸው አስነስተዋል። የቀረው ሽቦ ነው።»

«እሱን ተይው። ሽቦው ካላለቀ አይነዱም።»

«አባትሽን እያወቅሻቸው? ሳያልቅም ይነዳሉ።»

«ዘይነብ፣ ክላክስ የማይሰማ ሰው መንገድ ልታስወጪ ነው? እናቴን በዚያች መኪና ነው ያጣሁት። አባቴንም እንዳትወስድብኝ።»

አቅፌ ሸኘኋትና ገባሁ። ጋሽ እንድሪስ ከሩቅ አይተውን ስለነበር ምን እንዳለችኝ ጠየቁ። «አትሥሪላቸው አለችኝ» ብዬ ጻፍኩ።

«እውነቷን ነው» አሉ። ጠመኔውን ከእጄ ወስደው በጣታቸው አሹት። «ሚኒባስ ስሳፈር ረዳቱ ሲጠራ አልሰማም። ሐርቡን አሳልፈው ወስደውኛል። አውርዱኝ ስል ሰው ዞሮ ይስቃል፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ፋጤ ጋ እየተሳቀብኝ መሄድ አልፈልግም። ስትሞት በእጄ ይዣት ነበር፤ አሁንም በራሴ እጅ ነድቼ ነው የምሄድላት። አንቺ ካልፈለግሽ ግን አልቀየምሽም።»

በማግስቱ ሥራውን ቀጠልኩ።

ቀላል አልነበረም። ያ ዙር ቆጣሪ የተሠራው ለቤንዚን ሞተር ነው። የቤንዚን ሞተር በካንዴላ ብልጭታ ይሠራል፤ ቆጣሪው የሚቆጥረው ያንን ብልጭታ ነው። ናፍታ ብልጭታ የሚባል ነገር የለውም። የምትቆጥረው ነገር የሌላት መርፌ ዜሮ ላይ ተኝታ ቀረች። መጀመሪያ ከዲናሞው ሽቦ አውጥቼ ሰጠኋት። ዲናሞ ከሞተሩ ይበልጥ ስለሚፈጥን መርፌዋ ተወርውራ መጨረሻው ላይ ተለጠፈች። ጋሽ እንድሪስ አይተው «ይቺስ ከኔ ባሰች» አሉ። ከጦርነቱ ወዲህ ሲቀልዱ ያየኋቸው ያኔ ነው።

ብዙ አሰብንበት። የድሮው ሞተር አንድ ጊዜ ሲዞር ሁለት ብልጭታ ይሰጥ ነበር፤ ስለዚህ አዲሱም አንድ ዙር ሲዞር ሁለት ምት የሚሰጥ ነገር ማበጀት ነበረብን። እሳቸው የሞተሩ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ በሚዞርበት ፑሊ ላይ ሁለት ቡሎን ፊት ለፊት በየዱ። እኔ ከአንድ የቆመ የጭነት መኪና የጎማ ዙር የሚያነብ ሴንሰር ፈትቼ አጠገቡ አሰርኩ። ቡሎኑ ባለፈ ቁጥር ሴንሰሩ ትንሽ ምት ይሰጣል። ምቱ ለአሮጌው ቆጣሪ ደካማ ሆነ። ከተሰበረ ራዲዮ ትራንዚስተር ነቅዬ፣ የአንድ ሪሌይ፣ የኤሌክትሪክ ማብሪያ፣ የውስጥ ሽቦ እንደገና ጠምጥሜ ምቱን የሚያጠነክር ነገር ሠራሁለት። አንዱ ሽቦ ሲነካካ ቆጣሪዋን ላቃጥላት ነው ብዬ ባትሪውን ነቀልኩ፤ ሌላ የት ይገኛል?

ሞተሩን ሳስነሳ መርፌዋ ከተኛችበት ብድግ ብላ ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር የምትቆምበት ቦታ ላይ ቆመች። ከሌላ ጋራዥ በተዋስኩት መለኪያ አስተያየሁት፤ ተስማሙ። ጋሽ እንድሪስ ገብተው ተቀመጡ። ነዳጅ ሲረግጡ መርፌዋ ትወጣለች፣ ሲለቁ ትወርዳለች። ደጋግመው ረገጡ። ጎናቸው ተቀምጬ ነበርና ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። «አልሐምዱሊላህ» የሚሉ መሰለኝ፤ ለዚያች አንዲት ጊዜ ድምፃቸው አልወጣም።

የመጀመሪያ ጉዟቸው ወደ ደሴ ነበር፤ ለለይላ ሊያሳዩአት። እኔም አብሬ ሄድኩ። ግራና ቀኝ ከከባድ መኪና የተወሰደ ትልልቅ መስታወት ገጥመው ስለነበር አልፋዋ ጆሮዋ የቆመ አህያ መስላለች። ሐረጎን ስንወጣ ዓይናቸው ከመንገዱ ወደ መርፌዋ፣ ከመርፌዋ ወደ መስታወቱ ይመላለሳል። መርፌዋ ስትወድቅ ማርሽ ይቀንሳሉ፣ ስትወጣ ይጨምራሉ። ከኋላችን አንድ የጭነት መኪና ክላክሱን ለቆት እኔ ተሸማቅቄ ስቀመጥ፣ እሳቸው በመስታወቱ ካዩት ቆይተው ነበር፤ ረጋ ብለው ዳር ያዙለት። አንገታቸው ላይ ላቡ ይወርዳል። እንደዚያ ተጨንቆ፣ እንደዚያ ተጠንቅቆ የሚነዳ ሰው አይቼ አላውቅም።

ሆጤ ደርሰን ከለይላ ቤት ፊት ለፊት አቆሙ። ለይላ በሩ ላይ ወጣች። መኪናዋን አየች፣ አባቷን መሪው ላይ አየች። በደህና መምጣታቸውን አይታ ትቀርባለች ብዬ ነበር። መቀነቷን በእጇ ጨብጣ እንደቆመች ቀረች፤ ከዚያ ዞራ ገባች። ጋሽ እንድሪስ ሞተሩን ሳያጠፉ ትንሽ ጠበቁ። «ደህና ናት፤ አየኋት» አሉና ተመለስን።

ከዚያ በየጁምዓው ከሶላት በኋላ ወደ ሐርቡ ይሄዱ ነበር። ለብቻቸው ነው። አብሬ ልሂድ ብዬ ጽፌላቸው «የባልና የሚስት ወሬ ነው፣ ምን ታደርጊያለሽ?» አሉኝ። ሲመለሱ ፊታቸው ደክሞ፣ ድምፃቸው ሰልሎ ይመጣሉ። ሙቀቱ ነው እል ነበር።

በኋላ ኩላሊታቸው ታመመ። አብጠው፣ ጫማ አልገባ ብሏቸው እንኳ መሄዱን አልተዉም። እግራቸው ፍሪሲዮን መርገጥ ሲያቅተው ነው መንዳቱን ያቆሙት። ለይላ መጥታ ወደ ደሴ ወሰደቻቸው፤ የመጨረሻዎቹን ሳምንታት እሷ አስታመመቻቸው። እጃቸውን ይዛ ትውል ነበር። ያቺን ጥያቄ ግን ደግማ አልጻፈችላቸውም፤ እሳቸውም አላነሱትም።

መንገዱ የተከፈተው ከቀብሩ ብዙ ሳምንት ቆይቶ ነው። ለይላ ደውላ «ወደ እናቴ ውሰጅኝ። ብቻዬን አልችልም» አለችኝ። እናቷ መቃብር ሄዳ አታውቅም ነበር። በአልፋዋ ሄድን።

መቃብሩ ከመንገዱ ገባ ብሎ፣ ከጥቂት ቤቶች አጠገብ ነው። ዙሪያው በድንጋይ ተከቧል፤ ድንጋዩ በደንብ የተገጣጠመ ነው። ለይላ ቁጭ ብላ ዱዓ ስታደርግ፣ ማንጎ የምትሸጥ አንዲት ሴት ከመንገዱ ዳር መኪናዋን አይታ ወደኛ መጣች። ስሟን መይረም አለችን። እኔን አየች፣ ለይላን አየች።

«አሰላሙ ዐለይኩም። ሽማግሌው የት ጠፉ?» አለች።

«አረፉ» አልኳት። «ይቺ ልጃቸው ናት።»

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ብላ ተቀመጠች። ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ ቆየችና ለይላን «ለይላ ማለት አንቺ ነሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

ለይላ ደነገጠች። «ስሜን ማን ነገረሽ?»

«አባትሽ። ለኔ አይደለም፤ ለእናትሽ ሲነግሯት ነው። እዚህ ተቀምጠው ነበር የሚያዋሯት። ቀስ ብለው የሚያወሩ ይመስላቸዋል መሰለኝ፣ ግን እስከኛ ቤት ይሰማል። መጀመሪያ ልጆቹ ይስቁ ነበር፣ በኋላ አስገብተን በር እንዘጋ ጀመር። የሰው ምስጢር ነው። ቢሆንም ይሰማል።»

«ምን ይሏት ነበር?» አለች ለይላ።

መይረም ወደኔ አየች። ልናገር ወይስ ልተው የምትል መሰለች። ለይላ ክንዷን ያዘቻት።

«ስለ መኪናዋ ነበር ሁሌ የሚጀምሩት» አለች መይረም። «‹ፋጤ፣ ሞተሩ ሲቃጠል ሰምቼ ነበር። እንቁምና ውሃ ላፍስበት ስልሽ፣ በአላህ ይዤሃለሁ አትቁም፣ ደረሱብን አልሽኝ። መሪውን ይዘሽ አለቀስሽ። እሺ አልኩሽ። አላጠፋሽም፣ ፈርተሽ ነው። ልጅቱ እኔን ጠይቃኛለች፤ አልነግራትም። በኔ ትዘን፣ አንቺን በደህና ታስታውስሽ።› እንዲህ ነበር የሚሉት። በመጡ ቁጥር።»

ለይላ አላለቀሰችም። እጇን መሬቱ ላይ አድርጋ፣ አፈሩን ጨብጣ ቀረች። ነፋስ የለም፣ ሙቀቱ ከባድ ነው። ከዚያ ቀና አለችና «ሌላስ?» አለች።

«ሌላ ብዙ ነው» አለች መይረም።

«ንገሪኝ። ሁሉንም ንገሪኝ።»

ሴትየዋ የማንጎ ሳህኗን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ተመቻችታ ተቀመጠችና መናገር ጀመረች። እኔ ተነስቼ ወደ መንገዱ ሄድኩ።